ያውቁ ኖሯል? አዲስ በያጅ ቦርሳው ውስጥ ምን ይኑር?

ማንኩሳ ሲባል ብዙ አንባቢ ትዝ የሚለው በዛብህ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት የሚያልፍ መንገደኛ ግን በመኪናው መስኮት የሚያየው ሌላ ነው፤ ከደጃፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ፣ የግራይንደር ጩኸት፣ ግድግዳ የተደገፈ የላሜራ በር። የዛሬው ዓምዳችን ለአዲሱ በያጅ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሰሞኑን ለወጣውም፣ አጎቱ ሥራ ቤት ጥግ ቆሞ እያየ ለሚለምደውም ይሆናል። ማሽኑም፣ ሞርሳውም፣ ቆጣሪውም የባለቤቱ ናቸው። ዓይንና ሳንባ ግን በያጁ ከቤቱ ይዟቸው የሚመጣ ንብረቶቹ ስለሆኑ ከእነሱ እንጀምር።

የፀሐይ መነጽር ለብየዳ እንደማይሆን ያውቁ ኖሯል? የብየዳ መስታወት ጥቁረት በቁጥር ይለካል። በኤሌክትሮድ ለሚበይድ ሰው እንደ አምፔሩ መጠን የሚመከረው ከ10 እስከ 12 ነው፤ ለተራ የበርና የመስኮት ሥራ 10 ወይም 11 ይበቃል። ከገበያ የሚገዛው የፀሐይ መነጽር በዚያው መለኪያ ቢበዛ 3 አካባቢ ቢደርስ ነው። ቁጥሩ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥር የሌለው ጥቁር መስታወት ከሆነ ባለሱቁ ቢምልም አይግዙት።

ከጥቁሩ መስታወት ፊት የሚገባው ነጩ መስታወት ጌጥ አይደለም። ፍንጣሪውን እየተቀበለ ውዱን ጥቁር መስታወት የሚያድነው እሱ ነው። በነጠብጣብ ሲሞላ ይጣላል፤ ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ሦስት ትርፍ ነጭ መስታወት ይኑር። በደበዘዘ መስታወት የሚበይድ ልጅ መስመሩ ስለማይታየው ማስኩን ከፍ ያደርጋል፤ ዓይኑ የሚለበለበውም ያኔ ነው።

የብየዳ ብርሃን ዓይንን ሲጎዳ በዚያው ሰዓት እንደማያም ያውቁ ኖሯል? አልትራቫዮሌት ጨረሩ የዓይንን የፊት ሽፋን ይለበልበዋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ቀን ሲሥቅ የዋለ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኑ አሸዋ የተሞላ መስሎት ይነሣል። ዕንባው ይወርዳል፣ መብራት ማየት አይችልም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል። ድንች ቆርጦ መለጠፍ የተለመደ ነው። ቅዝቃዜው ያስታግስ ይሆናል፤ ጥሬ ድንች ግን ለቆሰለ ዓይን ንጹሕ ነገር አይደለም። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይሻላል። የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ገዝቶ ደጋግሞ መጨመር ደግሞ ሕመሙን እየደበቀ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ሁለት ቀን ካለፈው ወይም ዕይታው ከደበዘዘ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ብርሃኑ የሚመጣው ከፊት ብቻ አይደለም። ከኋላ ያለ ነጭ ግድግዳ ወይም አዲስ ቆርቆሮ ጨረሩን መልሶ በማስኩ ሥር ያስገባዋል። መንገድ ዳር ቆመው የሚያዩ ሕፃናትም ከርቀት ይጎዳሉ። አሮጌ ሸራ በሁለት እንጨት ወጥሮ መጋረጃ ማቆም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለምን እንደማይደረግ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ብልጭታውን አይቶ በራሱ የሚጠቁር ማስክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊድን ነው፤ ስሙ ስፒድግላስ ይባላል። አሁን ከርካሹ እስከ ውዱ በየሱቁ አለ። ለአዲስ ሰው ትልቁ ጥቅሙ አንገትን እየነቀነቁ ማስክ መጣል ማስቀረቱ ነው፤ ኤሌክትሮዱን መስመሩ ላይ አስቀምጦ ሳያንቀሳቅስ መጀመር ይችላል። ይሁንና ባትሪው ሲደክም ዘግይቶ ይጠቁራል። ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ ወይም ወደ ላይተር ነበልባል አዙሮ መሞከር ልማድ ይሁን።

ላይተር ካነሣን አይቀር፣ ላይተር ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ፕላስቲኩን አንድ ትኩስ ፍንጣሪ ከበሳው ጋዙ እዚያው ጭን ላይ ይቀጣጠላል።

ልብስ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ጨርቁ ነው። ጥጥ ሲቃጠል ከስሎ ይበሳል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ የሚያብረቀርቀው የስፖርት ቱታ ለእግር ኳስ ይቆይ። ወፍራም የጥጥ ቱታ፣ ካልተገኘም አሮጌ ጂንስና እጀ ሙሉ የካኪ ሸሚዝ ይሁን። ሱሪው ከታች የተጠቀለለ ከሆነ የእሳት መሰብሰቢያ ነው፤ ሱሪው ጫማው ላይ ይውረድ እንጂ ጫማው ውስጥ አይግባ። ኪስ ክዳን ይኑረው። የአንገት ቁልፍ ይቆለፍ፤ ክፍት አንገት ላይ ጨረሩ ልክ እንደ ቆላ ፀሐይ ቆዳ ይልጣል። ማተብም ወደ ውስጥ ይግባ፤ የተንጠለጠለ ክር የግራይንደር ዲስክ ይጠመጥመዋል፣ በክሩ ያለው የብረት መስቀል ደግሞ ሲግል ደረት ያቃጥላል።

ሸበጥ አድርጎ መበየድ በየከተማው የሚታይ ነገር ነው፤ ምንም አስተያየት አያስፈልገውም።

የብየዳ ማሽን ሳይበየድበት የበለጠ ቮልት እንደሚሰጥ ያውቁ ኖሯል? ብልጭታው በርቶ ሲሠራ ከ20 እስከ 30 ቮልት ገደማ ነው፤ ኤሌክትሮዱ ሳይነካ ሲቆይ ግን ከ50 እስከ 80 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አደጋው የሚበዛው ኤሌክትሮድ በሚቀየርበት ቅጽበት ነው ማለት ነው። ደረቅ እጅ ብዙ ይቋቋማል፤ በላብ ወይም በክረምት ዝናብ የራሰ እጅ ግን አይቋቋምም። ስለዚህ ሁለት ጥንድ የቆዳ ጓንት ይያዝ፤ አንዱ ሲርስ ሌላው ይደርሳል። በረጠበ ጓንት ኤሌክትሮድ ከመቀየር እረፍት መውጣት ይሻላል። በጓንት ትኩስ ብረት ማንሣትም ቆዳውን ያኮማትረዋል፤ ለዚያ ጉጠት ወይም ፒንሳ አለ።

የሜትር ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ ወዲያና ወዲህ የምትለው ተበላሽታ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ሆን ተብሎ ነው። የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው። ከውጭ ይዘው ሲስቡ ትወጣለች፣ ከውስጥ ገፍተው ሲለኩ ትገባለች፤ ሁለቱም ልኬት ትክክል ይመጣል። «ላልታለች» ብሎ በመዶሻ የሚያጠብቃት ሰው ከዚያ በኋላ የሚሠራው መስኮት ሁሉ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይስታል።

ስኳድራ ከሌለስ? ማዕዘን ለማዕዘን ይለካ። የአራት ማዕዘኑ ሁለት ሰያፍ መስመሮች እኩል ከመጡ ክፈፉ አልተዛባም። ወይም በአንዱ ጎን 30፣ በሌላው 40 ሴንቲ ሜትር ምልክት ይደረግ፤ በሁለቱ መካከል 50 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ሳያዩ ዙሪያውን መበየድ የለም። መጀመሪያ በአራቱም ጥግ ነካ ነካ ተደርጎ፣ ተለክቶ፣ ከዚያ ነው የሚሞላው። ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ሜትር 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም ቱቦላሬውን ወደ ተበየደበት ጎን ይጎትተዋል። በር «ተጣመመብኝ» የሚለው ደንበኛ እውነቱን ነው።

ኤሌክትሮዱ ላይ የተጻፈው 6013 የፋብሪካ ተራ ቁጥር ይመስላል። አይደለም። 60 ማለት የተበየደው ብረት በአንድ ኢንች ካሬ ቢያንስ 60,000 ፓውንድ ስቦሽ ይቋቋማል ማለት ነው፤ በእኛ ልክ በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ 42 ኪሎ ገደማ። ቀጥሎ ያለው 1 በየትኛውም አቅጣጫ፣ ተንጋልሎም ቢሆን፣ ሊበየድበት እንደሚችል ይናገራል። የመጨረሻው 3 ደግሞ የልባሱንና የኤሌክትሪኩን ዓይነት። 7018ን በዚሁ ማንበብ ይቻላል፤ ጠንካራው እሱ ነው፣ አስቸጋሪውም እሱ ነው።

ለ2.5 ሚሊ ሜትር 6013 ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ ለ3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130 አምፔር ገደማ ይበቃል። ማሽኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ቀጭን ላሜራ መብሳት የአዲስ ገቢ ሁሉ ጥምቀት ነው።

በምዕራብ ጎጃም ክረምት የከፋው የኤሌክትሮድ ጠላት እርጥበት ነው። ልባሱ ውሃ ከጠጣ ብየዳው በትናንሽ ቀዳዳ ይሞላል፤ 7018 ከሆነ ደግሞ ከውሃው የሚወጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ይሰነጥቀዋል። የተከፈተ ፓኮ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይደር። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃዋል። የረጠበ 6013 በ100 ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል፤ 7018 ግን 300 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለሱ ምንም አይፈይድለትም።

ቅርፊት መምቻዋ መዶሻ በአንድ ጎኗ ሹል፣ በሌላው ጠፍጣፋ ናት። የሽቦ ብሩሹም አብሯት ይያዝ። በያጆች ጥቁሩን ማስክ ገልብጠው ባዶ ዓይናቸውን ቅርፊት የሚመቱት እዚህ ላይ ነው። ቅርፊቱ እንደ መስታወት ስለታም ነው፤ ትኩስም ነው። ተራ ነጭ መከላከያ መነጽር ከጥቁሩ ማስክ ሥር ተደርጎ ቀኑን ሙሉ አይወልቅም።

የግራይንደር ዲስክ የመጠቀሚያ ጊዜ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ዲስኩን አንሥተው መሐሉ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት፤ ወርና ዓመት ተቀርጾበታል። ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ነው፤ ፋይበሩን የያዘው ሙጫ ከዚያ በኋላ ይደክማል። ቀጥሎ የሚታየው የዙር ቁጥሩ ነው። ትንሹ የ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይፈቀድለታል፤ ትልቁ የ230 ሚሊ ሜትር ግን 6,600 ብቻ። ችግሩ የሁለቱም የመሐል ቀዳዳ እኩል መሆኑ ነው። ያለቀበት ሰው የትልቁን ዲስክ፣ መከላከያውን ፈትቶ፣ ትንሹ ግራይንደር ላይ ይገጥመዋል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ቢዞር የትልቁ ዲስክ ጠርዝ በሴኮንድ 130 ሜትር ይበራል፤ የተሠራው ግን ለ80 ነው። ሲፈነዳ ቁራጩ ፊት ለፊት የቆመውን ነው የሚያገኘው። እንዲህ ያለ ሥራ ቤት የገባ ልጅ ቦርሳውን አንሥቶ ቢወጣ ፈሪ አይባልም።

ጆሮ ላይ ጥጥ መወተፍ የግራይንደርን ጩኸት አያስቆምም። ለዚሁ የተሠራው ትንሹ የአረፋ መድፈኛ ግን ያስቆማል፤ ኪስም አይጎዳም።

ወባ የሚመስል፣ ግን ወባ ያልሆነ ትኩሳት አለ። ጃቢ ጠህናንና አካባቢው ወባ የሚያውቀው አገር ስለሆነ ይህን በደንብ መያዝ ይገባል። ቆርቆሮና የጋልቫናይዝድ ቧንቧ የተለበጡት በዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረት ደግሞ ለመቅለጥ 1,500 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ በፊት ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ያንን የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ያልበዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ጋልቫናይዝድ ስበይድ ዋልኩ» ብሎ መናገር አለበት፤ የደም ምርመራውንም ግን አይተው፣ ሁለቱም አብረው ሊመጡ ይችላሉና።

መከላከያው ወተት ነው ይባላል። ወተት ሆድ ይገባል እንጂ ሳንባ አይገባም። ደግሞስ በጾም ቀን ምን ሊደረግ ነው? ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ በግራይንደር ማንሣት፣ ደጅ መሥራት፣ ነፋሱን ከጎን ማድረግ፣ ለብናኝ የተሠራ አፍንጫ ላይ ግጥም የሚል ማስክ ማድረግ ነው መፍትሔው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ አስገብቶታል፤ ከትኩሳቱ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ባዶ በርሜል ከሙሉ በርሜል የበለጠ እንደሚያስፈራ ያውቁ ኖሯል? ናፍጣ ወይም ቤንዚን የነበረበት በርሜል ውስጥ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተደባልቆ ይጠብቃል። ገበሬው «ታጥቧል» ብሎ የውሃ ማጠራቀሚያ ይቆረጥልኝ ሲል አዲሱ በያጅ ብቻውን አይንካው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ካልታጠበና ካልተነፈሰ፣ ክዳኑም ካልተከፈተ ማንም አይንካው።

ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል። በጭድ ክምርና በሣር ክዳን ቤት አጠገብ የወፍጮ ቤት በር የሚበይድ ሰው ይህን ርቀት በእርምጃ ቢለካ አያፍርም። አንድ ባልዲ ውሃና አንድ አካፋ አፈር አጠገቡ ይቀመጥ። ሥራው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማየት ነው፤ ጭድ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ አይቸኩልም።

ማሽኑ ጎን ላይ «60 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ካለ አጠገቡ በተጻፈው አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን ብቻ ይሠራል፣ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። «300» የሚለው ትልቁ ጽሑፍ ደግሞ በብዙ ርካሽ ማሽን ላይ የሞዴል ስም እንጂ አምፔር አይደለም።

እስካሁን ከተዘረዘረው ዕቃ አብዛኛውን ማቅረብ ያለበት አሠሪው እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ወጣት ሠራተኛን አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትም በዚያው አዋጅ ክልክል ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ባለቤቱ «እኔ ሃያ ዓመት ያለ ጓንት ሠርቻለሁ» ካለ ግን ተከራክሮ ዓይን ከማጣት በራስ ገንዘብ መስታወት መግዛት ይሻላል። ይህ ፍትሕ ነው አልልም።

በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ የሚሸሸው አገር ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ሁሉ ከሱ ነበር የሚያገኘው። በኤሌክትሪክ ብልጭታ መበየድ የተጀመረው ከዚያ አዋጅ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ኒኮላይ ቤናርዶስ የተባለ የሩሲያ ግዛት ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 በካርቦን ዘንግ አሳየው። የአገራችን ቀጥቃጭ ግን ሁለት የጋለ ብረት በመዶሻ አጣብቆ ሲበይድ ኖሯል። በወናፍና በመስፍ።

ይህን ያነሣሁት ገበሬ አሁንም ማረሻውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ማረሻ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራ ደግሞ ግማሽ በመቶ ያህል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን አለው። ለበር የሚሆነው ብረት የዚያን ግማሽ እንኳ የለውም። አዲሱ በያጅ 6013 አንሥቶ ቀጥ አድርጎ ይበይደዋል፣ ያምራል፣ ገበሬው ሲቸኩልበት ባልዲ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ጭሽ! በሁለተኛው ትልም ላይ ማረሻው ይሰበራል። የሚሰበረው ብየዳው አይደለም፤ ከብየዳው ጎን ያለው፣ በድንገት ቀዝቅዞ እንደ ሸክላ የደረቀው ብረት ነው። ለዚህ ሥራ ከቦርሳው የሚወጣው ሞረድ ነው። ስብራቱ ዙሪያ እስኪያብረቀርቅ ይሞረድና በቀስታ ይሙቅ። የጠራው ብረት ቢጫ ሲሆን 220 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ ሰማያዊ ሲሆን 300 አካባቢ፤ በሁለቱ መካከል እያለ በደረቅ 7018 ይበየዳል። ከዚያ ውሃ አይነካውም። ሙሉ በሙሉ ትኩስ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ባለማረሻው «በሬ ጠምጄ ነው የመጣሁት» ቢልም ነገ ጠዋት ይመለስ።